የፍጻሜ ጨዋታ እረፍት ላይ ኮንሰርት ያስፈልጋል?

መሃል ሜዳ፦ ጥያቄዬ ቀጥታ ነው። በ2024 የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ ላይ ሻኪራ በእረፍት ሰዓት ዘፈነች። በ2025 ቼልሲ ፒኤስጂን 3 ለ 0 ባሸነፈበት የክለቦች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜም እንዲሁ ሙዚቃ ነበር። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም ፊፋ ይኖራል ብሏል። እኔ ይቁም ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሶፋ ላይ፦ አልስማማም። የፍጻሜ ቀን እኮ ኳስ የማያየው ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት የሚሰበሰብበት ቀን ነው። አሜሪካኖቹ በ1993 ማይክል ጃክሰንን ሱፐር ቦውል ላይ፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜያቸው እረፍት ላይ፣ ካወጡ ወዲህ እረፍቱ ራሱን የቻለ ዝግጅት ሆኗል፤ ጨዋታቸው ግን አልሞተም። ምን ጎደለ?

መሃል ሜዳ፦ ምን ጎደለ? የጨዋታው ሕግ ቁጥር 7 እረፍት ከ15 ደቂቃ አይበልጥም ይላል። ኮፓ ላይ 25 ደቂቃ ሊሆን ነው ሲባል የኮሎምቢያው አሰልጣኝ ኔስቶር ሎሬንዞ ከጨዋታው በፊት ቅሬታውን ተናግሯል። ሌላ ጊዜ ዘግይተን ስንወጣ እንቀጣለን፣ ለዘፈን ሲሆን ግን ይፈቀዳል፣ የተጫዋቾቹም ሰውነት ይቀዘቅዛል ነው ያለው። እውነቱን ነው! ጨዋታው ደግሞ ጭማሪ ሰዓት ገብቶ የአርጀንቲናው ላውታሮ ማርቲኔዝ በ112ኛው ደቂቃ ነው ያገባው። ላቡ ደርቆ፣ ጡንቻው ተሳስሮ እንደገና መሮጥ ምን እንደሆነ ኳስ የነካ ሁሉ ያውቀዋል።

ሶፋ ላይ፦ ሁለቱም ቡድን እኩል ነው የሚጠብቀው።

ትሪቡን፦ እናንተ ስለ እረፍቱ ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ በሩ ነው። ፓሪስ 2022ን አስታውሱ፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ሊቨርፑልና ሪያል ማድሪድ። ትኬት የያዘ ሰው አጥር ሥር ተፋፍጎ አስለቃሽ ጭስ ይረጭበታል። ውስጥ ስክሪኑ ላይ ግን ጨዋታው የዘገየው ደጋፊዎች አርፍደው ስለመጡ ነው የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ከዚያ ካሚላ ካቤሎ ዘፈነች፣ ጨዋታውም 36 ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። በ2023 የወጣው የገለልተኛ አጣሪዎች ሪፖርት ዋናው ተጠያቂ አዘጋጁ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ ነው አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ስሙ የጠፋው ደጋፊው ነበር።

ሶፋ ላይ፦ ያ የአዘጋጁና የፖሊስ ጥፋት ነው። ዘፋኟ ምን አደረገች?

ትሪቡን፦ ዘፋኟን ማን ወቀሰ? እኔ የምለው አዘጋጁ ሲያቅድ ማንን ነው የሚያስበው ነው። ማያሚ ላይ ያው የሻኪራ ፍጻሜ በበሩ ትርምስ 82 ደቂቃ ዘግይቷል። ትኬት የሌለው ጥሶ ገባ፣ ትኬት ገዝቶ ውጭ የቀረም አለ፣ በሙቀት የወደቀም ነበር። ትርዒቱ ግን አልቀረም። ለመድረኩ ልምምድ ይደረጋል፣ ካሜራው የት እንደሚቆም በደቂቃ ይሰላል፤ ለበሩ ግን እንደዚያ የተጨነቀለት የለም። ገብተህ ስትቀመጥ ደግሞ ድምፅ ማጉያው ጆሮህን ያደነቁረዋል። ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚዘምረው ሕዝብ ድምፁ አይሰማም፤ ያንን ድምፅ እኮ ነው ቴሌቪዥኑ የሚሸጠው።

በረኛው፦ ሙዚቃ አልጠላም። ከጨዋታው በፊት ይሁን፣ ወይ ዋንጫው ከተነሳ በኋላ እስኪነጋ ይዝፈኑ። እረፍቱን ግን አትንኩብን።

ሶፋ ላይ፦ በፊት ከሆነ እኔም እስማማለሁ። በኋላ ከሆነ ግን የተሸነፈው ደጋፊ ጥሎ ይወጣል፣ ለግማሽ ስታዲየም ነው የሚዘፈነው።

ትሪቡን፦ በፊትም ይሁን በኋላ፣ መጀመሪያ ትኬት የያዘው ሁሉ ይግባ።