ገብስና አተር ተቀላቅሎ ቢዘራስ?

ጠያቂ፦ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያም ፀረ አረምም አልጠቀምም። አተር ለብቻው ስዘራ ይተኛል፣ አረምም ይውጠዋል። ከገብስ ጋር ልቀላቅለው አስቤ ነበር፤ ገብሱ አያፍነውም?

መልስ፦ ካበዛኸውማ ያፍነዋል! እኔ የአተሩን ዘር ብዙም አልቀንስም፣ ገብሱን ግን ወደ ሲሶ አወርደዋለሁ። አተሩ የገብሱን አገዳ ተጠምጥሞ ይቆማል። ፍግ አታብዛበት፤ ናይትሮጅን (ሰብል የሚያፋፋውን ንጥረ ነገር) ከአፈሩ የጠገበ አተር ከአየር መሳቡን ይቀንሳል። ሲያብብ አንዱን ነቅለህ ሥሩ ላይ ያለውን እባጭ ሰንጥቀው፤ ውስጡ ቀላ ካለ ናይትሮጅን ከአየር እየሳበ ነው።

ሌላ መልስ፦ እኩል የሚደርሱ ዝርያዎችን ምረጥ፤ አለዚያ አንዱ ሲረግፍ ሌላው እሸት ይሆንብሃል። እኔን ያማረረኝ እሱ ነው።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ከተወቃ በኋላ መለየቱስ?

መልስ፦ በወንፊት። አተሩ ከላይ ይቀራል። ክኩ ግን ከገብሱ ጋር ስለሚያልፍ ውቂያውን አታጥብቀው። ለመኖ ከሆነ ደግሞ ምን አለፋህ፣ እንዳለ ስጣቸው።