በቤተሰብ መናፈሻዎች በር ላይ ክፍያ ይኑር ወይስ ይቅር?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ባለፉት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የመዝናኛ ሥፍራዎች ተከፍተዋል፤ አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013፣ የሳይንስ ሙዚየም በ2015፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም.። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ሲሄድ በር ላይ መክፈል አለበት?

የሦስት ልጆች እናት፣ ከኮልፌ፦
እኔ ክፍያው ይቅር ከሚሉት ነኝ፤ ምክንያቴንም ከራሴ ልጀምር። ባለፈው እሁድ ሦስቱን ልጆቼንና እናቴን ይዤ ወጣሁ። ታናሿን እቅፌ ላይ አስቀምጬ የአራት ሰው ሒሳብ እንከፍላለን። ሁለት ታክሲ ስለምንይዝ በሩ ላይ እስክንደርስ ስምንት ሒሳብ ከፍለናል፤ ስንመለስ ሌላ ስምንት አለ። ስሙን የማልጠራው መናፈሻ በር ላይ ደግሞ ከመግቢያው ክፍያ ሌላ የያዝነው ዳቦና የፔርሙስ ሻይ አይገባም ተባልን። እናቴ የስኳር ሕመም አለባት፤ ሰዓቷን ጠብቃ መብላት አለባት። ዳቦውን ከአጥሩ ውጭ ቆመን በላን። ትልቁ ልጄ ውስጥ ያሉትን ዥዋዥዌዎች በአጥሩ ቀዳዳ እያየ "እማዬ፣ እንመለስ" አለኝ። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ገንዘቤን እየቆጠርኩ እንደነበር ገብቶታል።

በመናፈሻ ሥራ ያረጀ ጡረተኛ፦
ልጄ፣ የተናገርሽው ልቤን ነክቶታል። ቢሆንም ክፍያው ፈጽሞ ይቅር የሚለውን አልቀበልም። ሃያ ዓመት ያህል አትክልት ስንከባከብ ኖሬያለሁ። ከሠራሁባቸው አንዱ መግቢያው ነጻ ነበር። መጀመሪያ የቧንቧው መክፈቻ ተፈትቶ ተወሰደ፤ ቀጥሎ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ አጣና ተቆለፈ። ጽጌረዳው በበጋ ደረቀ፤ የምናጠጣበት ጎማ ተቀዶ መለወጫ ይገዛልን ብንል በጀት የለም ተባልን። በመጨረሻ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው ጠፋ። የሚከፈልበት መናፈሻ ውስጥ ደግሞ የተሰበረ ዥዋዥዌ በሳምንቱ ሲጠገን አይቻለሁ። ልጆችሽ በተሰበረ ብረት ላይ እንዲጫወቱ አትፈልጊም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ጋሼ፣ ስለ ጎማው የነገሩኝ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን የመንገድ መብራት ሲበላሽ ከሥሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይክፈል አንልም፤ ከግብር ይጠገናል። የልጅ መጫወቻ ለምን ከዚያ ይለያል? እኛ ሰፈር ልጆች ኳስ የሚጫወቱት መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።

የታሪክ መምህር፦
ሁላችሁም ስለ ዥዋዥዌ ስትነጋገሩ ሙዚየሞቹ ተረሱ፤ ለእኔ ትልቁ ጉዳይ እዚያ ነው። ተማሪዎቼን ብሔራዊ ሙዚየም እወስዳለሁ። ድንቅነሽን በመጽሐፍ ያውቋታል፤ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ብለው ለፈተና ሸምድደዋል። ለእይታ የቀረበው የአጥንቶቿ ቅጂ ፊት ሲቆሙ ግን የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "እንዲህ ትንሽ ነበረች?" የሚል ነው። ዲኪካ ላይ ስለተገኘችው ሰላም ስነግራቸው ደግሞ ዝም ይላሉ፤ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ነበረችና። አንዲት ተማሪዬ "እናቷስ?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ጠይቃኝ አታውቅም። ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ መናፈሻው ያስከፍል፤ ሙዚየም ግን ለማንኛውም ተማሪ፣ በትምህርት ቀንም በእሁድም፣ ከወላጁ ጋር ሲመጣም ነጻ ይሁን።

በመናፈሻ ውስጥ ካፌ የተከራየች፦
እኔም የምለው አለኝ። ምግብ አይገባም የሚለው ደንብ ክፋት የሚመስላችሁ የእኛን ኪራይ ስለማታውቁ ነው። ቤተሰብ ሁሉ ምሳውን ይዞ ከመጣ ካፌውን እዘጋለሁ፤ አራት ሠራተኞች አሉኝ። ለታመመ ሰውና ለሕፃን ምግብ ግን በር ላይ ሊከለከል አይገባም፤ በዚህ ከእህቴ ጋር ነኝ።

የሁለት ልጆች አባት፣ ከገርጂ፦
ከተማው ውስጥ ይህን ያህል ከምንጨነቅ ለምን አንወጣም? የአዳማው ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ቢሾፍቱ ቅርብ ናት። በምዕራብ በኩል የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ዕድሜ ጠገብ የሐበሻ ጽድና ዝግባ ያለበት፣ ልጆች ጉሬዛ የሚያዩበት። ጉለሌ የእፅዋት ማዕከልም 705 ሄክታር ነው፤ እዚያ ልጅ እስኪደክመው ይሮጣል።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ መኪና አለህ መሰለኝ። ሱባ ድረስ በታክሲ እንዴት ይኬዳል? ቢሾፍቱስ ስንደርስ የሐይቁን ዳር አብዛኛውን ሆቴሎች ይዘውታል፤ ውኃውን ለማየት ሻይ ማዘዝ አለብን።

የሁለት ልጆች አባት፦
አዎ፣ መኪና አለኝ። ይህን አላሰብኩበትም። ይቅርታ።

በመናፈሻ ሥራ ያረጀ ጡረተኛ፦
ከቅድም ጀምሮ የልጄ የታክሲ ስምንት ሒሳብ ከጭንቅላቴ አልወጣም። የሠራሁበትን ዘመን አሰብኩት። ገቢው የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ሙሽሮችና ፎቶ አንሺዎች ሲመጡ፣ ወጣቶች ሲሰበሰቡ። ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ግቢው ባዶ ነው፤ እኛ ብቻ ውኃ እናጠጣለን። በእነዚያ ሰዓታት ልጅ ይዞ የመጣ ቤተሰብ በነጻ ቢገባ ሣጥኑ ብዙም አይጎድልም። ምሳ ለያዘ ሰውም ከካፌው ራቅ ያለ ጥላ ሥር አንድ ሣር ይከለል። ከዚያ በላይ ግን አልሄድም፤ ከቀትር በኋላ ይከፈል።

የታሪክ መምህር፦
ጋሼ፣ እሁድ ጠዋት ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። ለቅዳሜ ከሆነ እስማማለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ቅዳሜ እስከ ቀትር ሥራ ላይ ነኝ፤ እንደ እኔ ያለ ብዙ ሰው አለ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከ4 እስከ 7 ሰዓት ይሁን። ጋሼ፣ ሙሽሮቹ በዚያ ሰዓት ይደርሳሉ?

በመናፈሻ ሥራ ያረጀ ጡረተኛ፦
ከ8 ሰዓት በፊት አንድም ሙሽራ አይቼ አላውቅም።