እንደማያልፍ እያወቁ በጀቱን ለምን ድምፅ ያሰጡበታል?

ሰላም_ሜሪላንድ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ትናንት ስለ 2011ዱ የአሜሪካ በጀት ጭቅጭቅ የቆየ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ሃሪ ሪድ ዴሞክራት ነው፣ የሴኔቱ አብላጫ መሪም እሱ ነው፣ ግን የሪፐብሊካኑን የፖል ራያንን በጀት ራሱ አምጥቶ ኑ ድምፅ ስጡበት ይላል። እንደማያልፍ ያውቃል፣ እንዲያልፍም አይፈልግም። ታዲያ ምን አደከመው?

ጎበዜ77፦
ሪፐብሊካኖቹን እያስፈረማቸው ነዋ 😄 በዛው ዓመት ኤፕሪል ላይ የታችኛው ምክር ቤት በጀቱን 235 ለ 193 አሳልፎታል፣ ከዴሞክራት አንድ ሰው አልደገፈውም። ጣጣው ያለው ሜዲኬሩ (የአዛውንቶቹ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ላይ ነው። መንግሥት ለሐኪምና ለሆስፒታል የሚከፍለውን ትቶ፣ ያኔ ከ55 ዓመት በታች የነበረ ሰው በ2022 ወይ ከዛ በኋላ 65 ሲሞላው የግል ኢንሹራንስ መግዣ ድጎማ ብቻ ይሰጠው ነበር የሚለው፣ ድጎማው ደሞ የሕክምና ዋጋ በሚንርበት ፍጥነት አያድግም፣ ልዩነቱ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አስበው። እና አንድ ሴናተር "ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እንመካከርበታለን" እያለ ሁለት ዓመት መክረም ይችላል። ስሙ ሲጠራ ግን ወይ አዎ ወይ አይ ነው። አዎ ካለ የምርጫ ማስታወቂያው ተሠርቶ አለቀ፣ አይ ካለ የገዛ ፓርቲው ይነሳበታል።

ቲጂ_ዲሲ፦
ቀኑንም እዩት እንጂ። ሴኔቱ ድምፅ የሰጠው ሜይ 25 ነው። ዋዜማውን ኒውዮርክ ውስጥ የማሟያ ምርጫ ነበር፣ ሪፐብሊካን ሲመርጥ የኖረ ወረዳ ነው፣ አሁን የግዛቷ ገዥ የሆነችው ዴሞክራቷ ካቲ ሆኩል ሜዲኬር ሜዲኬር እያለች አሸነፈች (እውነት ለመናገር ሦስተኛ እጩ ገብቶ የተቀናቃኟን ድምፅ ተሻምቶላታል)። በነጋታው በጀቱ 40 ለ 57 ወደቀ፣ አምስት ሪፐብሊካኖች ተቃወሙት። ስኮት ብራውን መጀመሪያ እደግፈዋለሁ ብሎ ነበር ኋላ ሐሳቡን ቀየረ፣ ራንድ ፖል ደሞ እምቢ ያለው ቅነሳው አነሰኝ ብሎ ነው 😂

በላይ_ነኝ፦
ሪድን ብቻ አታሞግሱት። በዛኑ ቀን የሴኔቱ ሪፐብሊካኖች መሪ ሚች መካኔል የኦባማን በጀት አምጥቶ ዴሞክራቶቹን እናንተም ድምፅ ስጡ አላቸው፣ 0 ለ 97! አንድ ዴሞክራት እንኳን አልደገፈም። እነሱ "ፕሬዚዳንቱ ከዛ ወዲህ ሌላ እቅድ አቅርቧል" ብለው ሾለኩ። የራያን ሰዎች ግን ያንን ማለት አይችሉም፣ በጀቱ ገና ወር ከምናምኑ ነው፣ የፓርቲውም ዋና እቅድ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ወጥመዱ የሚይዘው ሰውየው ሐሳቡን ከልቡ ሲያምንበት ብቻ ነው። በዛ ላይ ዱላው ይመለሳል። በ2012 ራያን የሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንታዊ እጩ የሮምኒ ምክትል እጩ ሲሆን "ኦባማ ከሜዲኬር 716 ቢሊዮን ዶላር ወሰደ" ብለው ማስታወቂያውን ሞሉት፣ የራያን በጀት ራሱ ያንኑ ቅነሳ ይዞ እያለ! ኦባማ አሸነፈ፣ የታችኛው ምክር ቤት ግን እዛው ሪፐብሊካን እጅ ቀረ። ስለዚህ ያን ያህል ተአምር አልሠራም።

ሰላም_ሜሪላንድ፦
አሃ አሁን ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አልፎ ቢሆንስ? እናቴ ሜዲኬር ላይ ናት፣ በእሳት መጫወት አይሆንም?

ጎበዜ77፦
አይሆንም፣ ድምፅ የሰጡበት የበጀት ውሳኔ የሚባለው ነው፣ እሱ ሕግ አይደለም፣ ፕሬዚዳንቱም አይፈርምበትም። ሜዲኬርን ለመንካት ሌላ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው። ለዛ ነው ለእንዲህ ዓይነት ጨዋታ የሚመቸው። እማማ ያኔ ስንት ዓመታቸው ነበር?

ሰላም_ሜሪላንድ፦
58

ጎበዜ77፦
በቃ እሳቸውን አይነካም ነበር። የሚነካው አንተን ነው 😅