የጌም ካሴቴን ባትሪ ልቀይር ነው፤ ሴቩ እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?

ሰላም፣ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ሱፐር ኒንቴንዶ በሚባለው የድሮ የጌም ማሽን የሚሠራ ክሮኖ ትሪገር የሚባል ጌም አለኝ፤ የ1995ቱ ካሴት። ሴቩን፣ ማለትም ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ፣ ይዛ የምታቆየው ውስጡ ያለች ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት፤ ሲአር 2032 የምትባለው። እሷ ካለቀች ሁሉም ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት ስከፍተው ከሦስቱ ሴቮች ሁለቱ የሉም።

የተረፈው የታላቅ ወንድሜ ነው። ማገስ የሚባለው ጠንቋይ ገደል አፋፍ ላይ ከሚጠብቅበት ቦታ በፊት የቆመ ነው። እዚያ ትመርጣላችሁ። ከገደላችሁት ወደ እንቁራሪት የተለወጠው ፈረሰኛ መጨረሻ ላይ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። ከተዋችሁት ደግሞ ያ ቀድሞ የተዋጋችሁት ጠላት አብሯችሁ ይዘምታል። ወንድሜ መወሰን አቅቶት እዚያው ተወው። እኔም እስከ ዛሬ አልነካሁበትም። አንድ ጌም ሰውን እንዲህ ማስጨነቁ አሁንም ይገርመኛል።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ለብሎኖቹ የሚሆነውን ባለ 3.8 ሚሊሜትር መፍቻ ገዝቻለሁ። ባትሪዋ ግን በሁለት ቀጫጭን ብረቶች ሰሌዳው ላይ ተበይዳለች። ካነሳኋት ሴቩ ወዲያው ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ካሴቱ ማሽኑ ላይ እንደተሰካ፣ ማሽኑ በርቶ እያለ መቀየር ይቻላል የሚሉ አሉ። እጄ ቢንቀጠቀጥና ሾርት ቢያደርግስ? ሴቩን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ መሣሪያ መፈለግ ይሻል ይሆን?

በእጁ ሞክሮ የተሳካለት ካለ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሠራው ይንገረኝ። እስከዚያ ካሴቱን አልከፍተውም።