ሕንድና ፓኪስታን የኒውክሌር ቦምብ ይዘው ለምን መዋጋታቸውን አልተዉም?

ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በሜይ 1998 ሕንድም ፓኪስታንም በሳምንታት ልዩነት የኒውክሌር ቦምብ ሞከሩ። ሁለቱም ይህን ያህል የሚያስፈራ መሣሪያ ከያዙ ከእንግዲህ ወደ ጦርነት ለመግባት አይደፍሩም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዳሩ ግን በዓመቱ ሁለቱም ይገባናል በሚሉት በካሽሚር፣ በካርጊል ተራሮች ተዋጉ፤ በ2019 ተዋጊ አውሮፕላኖቻቸው ተፋለሙ፤ በሜይ 2025 ደግሞ ለአራት ቀናት በሚሳዔልና በድሮን ተጠቃቁ። መሣሪያው የሚገታ ከሆነ ይህ ሁሉ ውጊያ ከየት መጣ? የማይገታ ከሆነስ እስካሁን ከዚህ የከፋው እንዴት አልደረሰም?

የመጀመሪያው መልስ

የሚገታው ትልቁን ጦርነት ነው፤ ትንሹን ግን እንዲያውም ያደፋፍራል። በ1999 የፓኪስታን ወታደሮች ካሽሚርን ለሁለት የሚከፍለውን የቁጥጥር መሥመር አልፈው በካርጊል ከፍታዎች ላይ ሲመሽጉ፣ ሕንድ የቦምቡን መዘዝ ፈርታ ጦርነቱን አታሰፋም የሚል ስሌት ነበራቸው። ሕንድ በእርግጥም አየር ኃይሏ መሥመሩን እንዳያልፍ ከለከለች፤ ነገር ግን ከፍታዎቹን በከባድ መሥዋዕትነት አስለቀቀች።

ከዚያ ወዲህ መፈናፈኛው ይበልጥ ጠቧል። ሕንድ ቀድማ የኒውክሌር መሣሪያ እንደማትጠቀም በ2003 በይፋ አስታውቃለች፤ ፓኪስታን ግን እንዲህ ያለ ቃል አልገባችም። በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረችው የኒውክሌር አረር መሸከም የሚችለውና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወነጨፈው ናስር ሚሳዔል የሕንድን እግረኛና ታንከኛ ጦር ለማቆም የታሰበ ነው። ይህን ያህል አጭር ርቀት የሚጓዝ መሣሪያ ለግንባር መቅረቡ ግድ ስለሆነ፣ ጠላት ሲገፋ ወይ መተኮስ ወይ መነጠቅ የሚል ምርጫ ይመጣል።

ሁለተኛው መልስ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔን ግን ከታሰበበት ጥቃት ይልቅ ስሕተት ያስጨንቀኛል። ማርች 9 ቀን 2022 አንድ የሕንድ ብራህሞስ ሚሳዔል በስሕተት ተወንጭፎ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ፓኪስታን ግዛት ዘልቆ በሚያን ቻኑ አቅራቢያ ወደቀ። የጦር አረር ስላልተጫነበት ሰው አልሞተም። ሕንድ ስሕተቱን በይፋ ያመነችው ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ከድምፅ ሦስት እጥፍ ገደማ ለሚፈጥን ሚሳዔል ሁለት ቀን እጅግ ረጅም ጊዜ ነው።

ፓኪስታን አጸፋ ያልመለሰችው በዚያ ሳምንት ውጥረት ስላልነበረ ይመስለኛል። ይኸው ስሕተት ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2019 ደርሶ ቢሆንስ? በዚያ ቀን፣ የሁለቱ አውሮፕላኖች ሲፋለሙ፣ የሕንድ የአየር መከላከያ ከስሪናጋር አጠገብ የራሱን ሄሊኮፕተር መትቶ በውስጡ የነበሩት ስድስት ሰዎችና መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የራስን ሄሊኮፕተር መለየት እንኳ ባቃተበት ቀን፣ የፓኪስታን ሠራዊት ወደ እርሱ የሚገሰግሰው ሚሳዔል ባዶ መሆኑን በምን ያውቃል?

ጠያቂው

ታዲያ የሚከበር ስምምነት በመካከላቸው የለም ማለት ነው?

ሁለተኛው መልስ ሰጪ

አለ። በ1988 አንዱ የሌላውን የኒውክሌር ተቋማት ላለማጥቃት ተፈራርመዋል፤ የተቋማቱንም ዝርዝር ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ይለዋወጣሉ። በ2002 መባቻ፣ ጦራቸው በድንበር ላይ ተፋጥጦ ሳለ እንኳ ልውውጡ አልተቋረጠም። በ2005 ደግሞ የሚሳዔል ሙከራን አስቀድሞ አንዱ ለሌላው ለማሳወቅ ተስማምተዋል፤ ይሁንና ውሉ የሚመለከተው ባለስቲክ ሚሳዔልን፣ ማለትም ወደ ላይ ተወንጭፎ በቅስት መሥመር የሚወርደውን ብቻ ነው። ብራህሞስ እንደ አውሮፕላን እየበረረ የሚሄድ ክሩዝ ሚሳዔል ስለሆነ ከውሉ ውጭ ነው። ድርድር የሚጀመር ከሆነ ክሩዝ ሚሳዔልን በዚህ ውል ማካተት፣ ስሕተት ሲደርስም በዚያው ሰዓት በጦር አዛዦቹ ቀጥታ የስልክ መሥመር ማሳወቅን ግዴታ ማድረግ ከሁሉ ሊቀድም ይገባል።