ወንጀሉን የረሳ ሰው ይቀጣ ወይስ ይማር?

ጠያቂው፦ በ1943 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ያወጣውን «ክራይም ዶክተር» የተባለ ፊልም ያላያችሁ ካላችሁ ታሪኩ ይህ ነው። አንድ የዘራፊዎች አለቃ ከመኪና ተወርውሮ ጭንቅላቱን ይመታና ማንነቱን ይረሳል። ሮበርት ኦርድዌይ በሚል አዲስ ስም ሕክምና ተምሮ የአእምሮ ሐኪም ይሆናል፤ እስረኞችን ያክማል፤ በመጨረሻም ማን በአመክሮ እንደሚፈታ የሚወስነውን ቦርድ ይመራል። ትዝታው ሲመለስ እጁን ይሰጣል። ፍርድ ቤቱም ጥፋተኛ ብሎት ቅጣቱን ይገድብለታል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የተዘረፉትን ማን ጠየቃቸው?

የፊልም ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ የምትቀጣው ማንን ነው? ያ ዘራፊ እኮ የለም። እስር ቤት ብታስገባው የምታጣው አንድ ጥሩ ሐኪም ነው። ዋርነር ባክስተር ሚናውን በአስር ፊልሞች ተጫውቶታል፤ በዚያ ረጋ ባለ ፊቱ ላይ ወንበዴ የሚታየው ካለ ይንገረኝ።

ነርሷ፦ ፊት ማስረጃ አይሆንም! ደግሞ በአንድ ምት የሚጠፋና በሌላ ምት የሚመለስ ትዝታ የሲኒማ ነው። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋበት በአደጋው አካባቢ ያለው ጊዜ ነው፤ የሚከብደውም አዲስ ነገር መያዝ ነው። ማንነቱን ሁሉ እስኪረሳ የተጎዳ ሰው የሕክምና ትምህርት ቤት ይጨርሳል? በፊልሙ የቀድሞ ግብረ አበሮቹ እንኳን «የረሳ የሚመስለው የዘረፍነውን ገንዘብ ሊያስቀር ነው» ብለው ይጠረጥሩት የለም?

ጠበቃው፦ ሕግ የሚመዝነው ድርጊቱ ሲፈጸም የነበረውን አእምሮ ነው። ኋላ መርሳት ወንጀሉን አይፍቅም። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአላባማውን የቨርነን ማዲሰንን ጉዳይ አይቶ ነበር። ሰውየው ፖሊስ ገድሎ ሞት የተፈረደበት ነው፤ በእስር ላይ እያለ በተደጋጋሚ ስትሮክ መትቶት ድርጊቱን ረሳ። ፍርድ ቤቱ መርሳቱ ብቻውን ከቅጣት አያድነውም አለ፤ የሚቀጣበትን ምክንያት መረዳት ካቃተው ግን ሊገደል አይችልም። ኦርድዌይ በደንብ ይረዳል፤ ስለዚህ መከሰሱ ልክ ነው። በገደብ መለቀቁም እንዲሁ፤ መልካም ጠባይ ቅጣት ያቀላል።

ጠያቂው፦ ጥሩ፣ ታዲያ ልጠይቅዎት። ሰውየው ትዝታውን ካጣ በኋላ ሐኪም መሆኑ ቀርቶ ወደብ ላይ ዕቃ ተሸካሚ ቢሆንና እንደ ዛሬው እጁን ቢሰጥ፣ ያው ዳኛ በገደብ ይለቀው ነበር? እኔ ምሕረቱ ለዲግሪው እንጂ ለጸጸቱ የተሰጠ አይመስለኝም።

ጠበቃው፦ ይህ የዳኛው ድካም ነው፣ የሕጉ አይደለም። ዕቃ ተሸካሚውም ያው መብት አለው።

ነርሷ፦ በወረቀት ላይ አለው።

ጠያቂው፦ እንግዲያው ይገደብለት፤ ግን ከሐኪምነት ደመወዙ ለተዘረፉት ካሳ እየከፈለ። ይህን የሚቃወም አለ?