ግራንድ ሄቨንን ከልጆችና ከእናት ጋር ለመጎብኘት፦ ስለ መብራት ማማው፣ ስለ ዳርቻውና ስለ ውኃው ጥያቄ

ጥያቄ፣ ከቺካጎ ነዋሪ እናት፦

የተከበራችሁ አባላት፣ በጁላይ ወር ከቤተሰቤ ጋር በሚሺጋን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደምትገኘው ግራንድ ሄቨን ከተማ ሄደን አንድ ሌሊት አድረን ለመመለስ አስበናል። ከእኛ ጋር የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የአራት ዓመት ልጅና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ አሉ። ትልቁ ልጄ በመዋኛ ገንዳ ጥሩ አድርጎ ይዋኛል፤ ታናሺቱ ግን ገና አልተማረችም። ልጆቹ በፎቶ ያዩትን ቀይ የመብራት ማማ በቅርብ ካላየን እያሉ አስቸግረውናል። ስለዚህ ወደ ማማው በእግር መድረስና ውስጡ መግባት ይቻል እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት ብንደርስ እንደሚሻል፣ ውኃው ለሕፃናት ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነና እናቴ በአሸዋው ሳይቸገሩ ሐይቁን የሚያዩበት መንገድ ካለ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከምዕራብ ሚሺጋን ነዋሪ፦

እህቴ፣ መንገዱ ቀላል ነው። ከቺካጎ በአይ 94 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ ቤንተን ሃርበር አካባቢ ወደ አይ 196፣ ከዚያም ሆላንድ ላይ ወደ ዩኤስ 31 ስትታጠፉ፣ የመንገድ ጭንቅንቅ ካልያዛችሁ በሦስት ሰዓት ገደማ ትደርሳላችሁ። ሚሺጋን ከቺካጎ በአንድ ሰዓት እንደምትቀድም ግን አትርሱ፤ ከቤት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብትነሡ እዚያ ስትደርሱ የከተማው ሰዓት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ፀሐያማ በሆነ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በዚያ ሰዓት ዳርቻው የሚገኝበት የግራንድ ሄቨን ስቴት ፓርክ መኪና ማቆሚያ ሞልቶ ተራ መጠበቅ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከተቻለ በሥራ ቀን ሂዱ፤ ካልተቻለም የመድረሻ ሰዓታችሁን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አድርጉት። ወደ ፓርኩ የሚገባ መኪና የስቴቱን የመግቢያ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ የሌላ ስቴት ታርጋ ያለው መኪና የቀን ወይም የዓመት ፈቃድ መግዛት ይችላል።

ማማን በተመለከተ፣ በወንዙ አፍ ደቡብ በኩል ባለው ፒየር፣ ማለትም ከዳር ተነሥቶ ወደ ሐይቁ በተዘረጋው የኮንክሪት ግንብ ላይ ያሉት ሁለት ናቸው። ወደ መሬቱ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1905 የተሠራ ክብ የብረት ማማ ሲሆን፣ በፒየሩ ጫፍ ላይ የሚታየው ደግሞ ቤት የመሰለ ሰፋ ያለ ሕንፃ ነው። ቀይ የተቀቡት ለውበት ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ የውኃ መንገድ ሕግ ከሐይቅ ወደ ወደብ የሚገባ መርከብ ቀይ ምልክትን በቀኙ ይይዛል፣ ከሚሺጋን ሐይቅ ወደ ግራንድ ወንዝ አፍ ለሚገባ መርከብም ይህ ፒየር በስተ ቀኝ ይውላል። ከፒየሩ በላይ ተዘርግቶ የምታዩት የብረት መተላለፊያ ሞገድና በረዶ ፒየሩን በሚያጥለቀልቁበት ወቅት የመብራቱ ጠባቂዎች ወደ ማማው የሚደርሱበት ነበር። ለትልቁ ልጅዎ ይህን ቀድመው ቢነግሩት ጉብኝቱ ይጥመዋል ብዬ አምናለሁ። በጸጥታ ቀን በእግር እስከ ማማዎቹ መድረስ ይቻላል፤ ማማዎቹን ግን ከውጭ ለማየት እንጂ ለመውጣት አስባችሁ አትምጡ።

መልስ፣ ከውኃ ዋና አሠልጣኝ፦

ወንድማችን ስለ ፒየሩ በጸጥታ ቀን ያሉትን ቃል አስምሬበት ማለፍ እፈልጋለሁ፤ ቤተሰብ ሁሉ የሚጎርፍበት ያ ፒየር በዳርቻው ካሉት ቦታዎች ሁሉ አደገኛው ነውና። ነፋስ ከሐይቁ ሲነሣ ሞገዱ ፒየሩን ተሻግሮ ሰው ይጠርጋል። ከፒየሩ ሥር የተከመረው ትልልቅ ድንጋይ ስለሆነ ከላይ መዝለልም ለነፍስ ያሰጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ከላይ የማይታየው ነው፤ ወደ ዳር የመጣው ውኃ የሚመለስበትን መንገድ ሲፈልግ ግድግዳውን ታክኮ ወደ ጥልቁ ይፈሳል፣ ይህ ጎታች ፍሰት ጎበዝ ዋናተኛንም ወደ ሐይቁ ውስጥ ይወስዳል። ለራሴ የማስቀምጠው ሕግ ከልጆች ጋር ስሆን ከፒየሩ ቢያንስ አንድ መቶ ሜትር ርቆ መዋኘት ነው። ማማውን ለማየት በፒየሩ ላይ ስትሄዱ ታናሺቱ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሳ እጇን ያዟት፤ ሲሚንቶው እርጥብ ከሆነ ወይም ውኃ እየረጨበት ከሆነ ከዳር ሆናችሁ አይታችሁት ተመለሱ።

ልጅዎ በገንዳ መዋኘቱ መልካም ነው፤ ይሁንና ሐይቁ ገንዳ አይደለም፣ ውቅያኖስም አይደለም። ጨው ስለሌለው ሰውነትን እንደ ባሕር አያንሳፍፍም። ሞገዶቹ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ እየተከታተሉ ስለሚመጡ የመጀመሪያው ያንገዳገደው ልጅ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ሁለተኛው ይደርስበታል። ታቹም እኩል አይደለም፤ ከዳሩ ትይዩ የተዘረጉ የአሸዋ ጉብታዎች አሉ፣ በመካከላቸው ያለው ስርጥ ጥልቅ ነው፤ ስለዚህ እስከ ጉልበት በሚደርስ ውኃ የሚሄድ ልጅ በጥቂት እርምጃ እስከ አንገቱ ሊገባ ይችላል።

በሚሺጋን የስቴት ፓርኮች የነፍስ አድን ሠራተኛ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። ሁኔታውን ለማሳወቅ ባንዲራ ይሰቀላል፤ አረንጓዴው አነስተኛ አደጋ፣ ቢጫው መካከለኛ፣ ቀዩ ከፍተኛ አደጋ መኖሩን ያሳያል፣ ሁለት ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ ውኃ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። አረንጓዴም ቢሆን አደጋ የለም ማለት አይደለም። የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የግራንድ ራፒድስ ቢሮ ለእነዚህ ዳርቻዎች የሞገድና የጎታች ፍሰት ትንበያ ስለሚያወጣ፣ ከቤት ከመነሣታችሁ በፊት ማየቱ የሁሉም ነገር መጀመሪያ ይሁን። ፍሰት የወሰደው ሰው ቶሎ በጀርባው ተገልብጦ መንሳፈፍ፣ ከፍሰቱ ጋር አለመታገል፣ ጉልበቱ ሲመለስለት ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ዳር መምጣት አለበት። ይህን ልጁን ቤት ሳላችሁ መሬት ላይ አስተኝታችሁ አለማምዱት፤ የሰመጠ ሲያይም ተከትሎ እንዳይገባ፣ የመንሳፈፊያ ቀለበት እንዲወረውርና እርዳታ እንዲጠራ ንገሩት።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ለልጆቹ በአየር የሚነፋ ትልቅ መንሳፈፊያ ገዝተናል። ሞገድ በሌለበት ቀን ዳር ላይ ቢጫወቱበት ችግር አለው?

መልስ፣ ከውኃ ዋና አሠልጣኝ፦

እህቴ፣ ሞገድ የሌለበት ቀን ነው የሚያሳስበኝ። ዳርቻው ፊቱን ወደ ምዕራብ ስላዞረ፣ ነፋስ ከምሥራቅ፣ ማለትም ከመሬት ወደ ሐይቁ ሲነፍስ ከዳር ያለው ውኃ መስታወት ይመስላል። መንሳፈፊያው ግን እንደ ሸራ ነፋሱን ይይዛል፤ ወላጅ ስልኩን አይቶ ቀና እስኪል ልጁ ከአቅሙ በላይ ርቆ ይገኛል። ያን ጊዜ አባት ተከትሎ ይዋኛል፣ አደጋውም ሁለት ይሆናል። መንሳፈፊያውን እቤት ተዉትና በዚያ ፈንታ ለሁለቱም ልጆች በክብደታቸው ልክ የሆነና የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ያጸደቀው ጃኬት ያዙ።

ይኸው ከመሬት የሚነሣ ወይም ከሰሜን የሚመጣ ነፋስ ሌላም ያደርጋል። የሞቀውን የላይኛውን ውኃ ከዳር እየገፋ ሲወስደው ከታች ያለው ቀዝቃዛ ውኃ በቦታው ይተካል። በጁላይና በኦገስት የዳሩ ውኃ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ነፋስ ካደረ ግን ጠዋት ስትመጡ ከ15 በታች ወርዶ ልታገኙት ትችላላችሁ። አየሩ ሞቃት ሆኖ የልጆቹ ከንፈር ቢጠቁር ምክንያቱ ይህ ነውና ወዲያው አውጡአቸው።

መልስ፣ ከሦስት ልጆች አባት፦

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ በዝርዝር ሲነገር ሰው ጭራሽ ላይሄድ ይችላል! አሸዋው ነጭና ለስላሳ ነው፣ ደረቁ ሲረገጥ ይንጫጫል፣ ታናናሾች ውኃ ሳይነኩ ግማሽ ቀን ይጫወቱበታል። ባሕር በየቀኑ እንደሚሞላና እንደሚጎድል ያለው የውኃ ከፍታ ለውጥ በሐይቁ ላይ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ ጠዋት የዘረጋችሁት ምንጣፍ ከሰዓት በኋላ በውኃ አይዋጥም። የዳርቻው ስፋት ግን ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ውኃው እጅግ ከፍ ብሎ ብዙ ዳርቻዎችን አጥብቦ ነበር፣ ስለዚህ በቆየ ፎቶ አትመሩ።

ልጆቹ ማማ መውጣት ካማራቸው በማግስቱ ወደ ሰሜን ነድታችሁ ሚርስ አጠገብ ወዳለው የሊትል ሴብል ፖይንት ማማ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራ ከጡብ የታነጸ ረጅም ማማ ነው፣ ቁመቱ 107 ጫማ ይሆናል፤ በበጋው ወራት ለጎብኚ ይከፈታል። በጣም አጭር የሆኑ ልጆች እንዲወጡ ስለማይፈቀድ የታናሺቱን ቁመት ለክታችሁ ሕጉን ቀድማችሁ አጣሩ፤ እዚያ ደርሶ ተመለሺ ማለት ለቅሶ ነው።

ከነዋሪው ወንድማችን የምለየው በሰዓቱ ላይ ነው። እኔ ጠዋት ከመሻማት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መድረስን እመርጣለሁ፤ የቀን ጎብኚው መውጣት ይጀምራል፣ የሕፃናትን ቆዳ የሚያቃጥለው ፀሐይም ይበርዳል። ከተማዋ በሰዓት ቀጠናዋ ምዕራባዊ ጫፍ አጠገብ ስላለች በጁላይ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነውና አምስት ሰዓት የሚሞላ ብርሃን ይቀራችኋል። ልጆቹ ካልደከሙ በወንዙ ማዶ በዱዊ ኮረብታ ላይ በሙዚቃና በቀለም መብራት የሚጫወተው የውኃ ፏፏቴ ሲመሽ ይጀምራል። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው።

መልስ፣ ከምዕራብ ሚሺጋን ነዋሪ፦

ለሚያድር ሰው የአባትየው ሐሳብ ይሻላል፤ እቀበላለሁ። ቀኑን ስትመርጡ ግን ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ያለውን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በዓል ሳምንት አስቡበት። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ለከተማዋ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ከተማ የሚል ስያሜ ስለሰጣት በዓሉ ታላቅ ነው፣ የሰዉም ብዛት እንደዚያው፤ ከአረጋዊት እናት ጋር ለሚመጣ አልመክረውም። ከባድ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ግራንድ ወንዝ የመሬቱን እጣቢ ጠርጎ እዚሁ ስለሚያፈስስ፣ አንድ ሁለት ቀን ከወንዙ አፍ አጠገብ ልጆችን ውኃ ውስጥ አታስገቡ።

መልስ፣ ከአረጋውያን ተንከባካቢ፦

ስለ እናትዎ ማንም አልመለሰም። ከመሐል ከተማው ተነሥቶ የወንዙን ዳር ተከትሎ እስከ ፒየሩ መነሻ የሚደርስ ከአንድ ማይል በላይ የሆነ የተነጠፈ የእግር መንገድ አለ፤ ወንበሮች አሉበት፣ ለሕፃን ጋሪም ለተሽከርካሪ ወንበርም ይመቻል። ሙሉውን እንዲሄዱት ግን አያድርጓቸው፤ በፓርኩ በኩል አውርዳችኋቸው ማማውንና ሐይቁን አሸዋ ሳይረግጡ ከተነጠፈው ላይ ማየት ይችላሉ። ከውኃው አጠገብ መቀመጥ ከፈለጉ ሚሺጋን በበርካታ የስቴት ፓርኮቿ በአሸዋ ላይ የሚነዱ ባለ ሰንሰለት ወንበሮችን ያለ ክፍያ ስለምታውስ፣ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ደውላችሁ መኖሩን ጠይቁ። ሮዚ ማውንድ የሚባለው በአቅራቢያው ያለ የአሸዋ ኮረብታ ሥፍራ ውብ ቢሆንም ደረጃው ብዙ ነውና ለእርሳቸው አይሆንም።

ጠያቂዋ፦

ቀኑን ከበዓሉ በፊት ወዳለ ማክሰኞ አዛውረነዋል፤ ከሰዓት በኋላ እንገባለን፣ ረቡዕ ወደ ሊትል ሴብል እንሄዳለን። ያን ዕለት ሁለት ቀይ ባንዲራ ቢሰቀልስ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?

መልስ፣ ከምዕራብ ሚሺጋን ነዋሪ፦

ከግራንድ ሄቨን ትንሽ ወደ ሰሜን በሚገኘው የፒ ጄ ሆፍማስተር ስቴት ፓርክ ውስጥ ስለ አሸዋ ኮረብታዎቹ የሚያስረዳ የጎብኚዎች ማዕከል አለ፤ የጥላ መንገድ በጫካው ውስጥ ያልፋል፣ የገዛችሁት የመግቢያ ፈቃድም እዚያ ያገለግላል። ሞገዱን ማየት ከፈለጉ ደግሞ ከአሸዋው ላይ፣ ከፒየሩ ርቃችሁ እዩት።